የደከመ ልጅ ማዘል ለወንድ ነውር ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ የጁሙዓ ቀን በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት እያበዛን፣ ትንሽ ስለሚመስል አንድ ነገር እንተዋወስ።

ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በጊዳ አያና ወረዳ፣ ከገጠር መንደር ተነስቶ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ዘመድ ቤት በእግሩ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው። የአራት ዓመት ልጅ መጀመሪያ እየሮጠ ሁሉንም ይቀድማል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይቀራል። የአንገር ቆላ ፀሐይ ሲበረታበት ደግሞ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ "እዘሉኝ" ይላል።

ያን ጊዜ ጎንበስ የሚለው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ያውም ሕፃን በአንቀልባ አዝላ፣ በእጇ ዕቃ ይዛ። እሷ ካልቻለች ገና ያልጠነከረች ታላቅ እህት ታዝለዋለች። ጎረምሳው ወንድም ግን ባዶ እጁን ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጉልበት አጥቶ አይደለም። "ሰው ምን ይለኛል?" ብሎ ነው።

ወንድሜ! ሰው ምን ይላል ከማለትህ በፊት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳደረጉ ተመልከት። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ መልሰው ያነሷታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ይህ የሆነው ሰው በማያይበት ጓዳ ውስጥ ሳይሆን ሰሓቦች ከኋላቸው ተሰልፈው እያዩ ነው። የሙስሊሞች መሪ፣ የጦር አዛዥ፣ የአላህ መልእክተኛ ሴት ልጅ ተሸክመው!

ነሳኢ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሱጁድ ላይ ሳሉ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ጀርባቸው ላይ ወጣ። ሱጁዱ ከመርዘሙ የተነሳ ሰሓቦች አንድ ነገር የተፈጠረ ወይም ወሕይ የወረደ መሰላቸው። ሶላቱ ሲያልቅ ጠየቋቸው። ልጁ ጀርባቸው ላይ ስለነበረ የልቡን ሳያደርስ ሊያጣድፉት እንዳልወደዱ ነገሯቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቱ ልብ እንዳይጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር።

ሱብሓነላህ! ለአንዱ ልጅ አስረዘሙ፣ ለሌላው አሳጠሩ። ሶላት እንኳ ለሕፃን ሲባል ከረዘመና ካጠረ፣ የእኛ የገበያ መንገድ ምንድነው? ከቤተሰብ ጋር ስንጓዝ እርምጃችን በጠንካራው ሳይሆን በደካማው ልክ ይሁን። ዛሬ ማልዶ የተነሳ ትንሽ ልጅ "ሰነፍ" ተብሎ አይጎተትም፤ ወይ ያርፋል፣ ወይ ይታዘላል።

ማዘልም አማና ነው። አንቀልባም ይሁን ጋቢ፣ ወይም አሁን ከተማ ላይ የሚሸጠው የልጅ መሸከሚያ ቦርሳ፣ አፍንጫው እንዳይሸፈን፣ የሕፃን አገጭ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ፣ እግሩም ተንጠልጥሎ እንዳይደነዝዝ ተመልከት። ዳገት ላይ አንተን ላብ ሲያጠምቅህ እሱ አይንቀሳቀስምና በደጋው ብርድ ሊመታው ይችላል፤ በቆላ ደግሞ ራሱን ከፀሐይ ሸፍንለት። በየመሃሉ አውርደህ ውሃ ስጠው፣ እግሩን ያፍታታ።

ደግሞ አንተም የታዘልክ ነህ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሉቅማን እናት በድካም ላይ ድካም ተጨምሮባት ልጇን እንደተሸከመች ያስታውሰናል፤ ከዚያም እሱንና ወላጆቻችንን እንድናመሰግን ያዘናል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ በሰፈራ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው ይዘው ነው የመጡት። ባለፉት ዓመታትም ከጊዳ አያናና ከኪረሙ ብዙ ቤተሰብ ሲፈናቀል፣ ቤትና እህል ተትቶ ልጅ ግን ታዝሎ ወጥቷል። ዛሬ ይህን ከምታነቡት መካከል ያኔ በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረ አይጠፋም።

አንድ የየመን ሰው እናቱን በጀርባው አዝሎ ጠዋፍ ሲያደርግ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) "ውለታዋን ከፈልኩ?" ብሎ ጠየቃቸው። በምጥ ጊዜ ካሰማቻት አንዲት ቃተታ እንኳ እንደማይደርስ መለሱለት። ቡኻሪ በአል አደቡል ሙፍረድ ዘግበውታል። እናትን ማዘል እንኳ ውለታዋን ካልከፈለ፣ ቢያንስ የእሷን ሸክም ተቀብለን እናቅልላት!

ስለዚህ በዚህ ሳምንት መንገድ ላይ ትንሹ ወንድምህ ወይም እህትህ ቁጭ ሲሉ፣ እናትህ ሳትጎነበስ አንተ ቀድመህ ጎንበስ በል። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ዛሬ ደግሞ ከመግሪብ በፊት ባለችው ሰዓት አንተን ላዘሉህ ሁሉ ዱዓ አድርግ።

ያ አላህ! በልጅነታችን እንደተሸከሙን ለወላጆቻችን እዘንላቸው። የተፈናቀሉትን በሰላም ወደ ቤታቸው መልሳቸው። ለደካማ የሚጎነበስ ጀርባ፣ ለሕፃን የሚራራ ልብ ስጠን። አሚን!