ወላጅን ወደ ራስ ስለ ማቅረብ

ባለፈው ክረምት ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን እዚያ ምን ታደርጋለህ? መጥተህ እኔ ዘንድ ኑር፤ ክፍልህን አዘጋጅቼልሃለሁ» አለችኝ። (እኔ አባቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው «አንቱ» እያልሁ ኖርሁ፤ እርሷ እኔን «አንተ» ትለኛለች። ጊዜው ነው፤ ፍቅሯ ከእኔ ፍቅር ያንሳል ለማለት ግን አልደፍርም።) እኔም «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ በቦሳ ኪቶ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጅማን ዝናብ እየተመለከትሁ፣ እኔ ራሴ በ2001 ዓ.ም. በአባቴ ላይ ያደረግሁትን አንድ በአንድ አስታወስሁ። «ለአባቴ ያደረግሁትን» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን «በአባቴ ላይ» የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ትምህርታችሁን ስትጨርሱ አንዳችሁ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳችሁ ወደ ሐዋሳ፣ አንዳችሁም ባሕር ተሻግራችሁ ትሄዳላችሁ። ወላጆቻችሁ ባሉበት ይቀራሉ። ዕድሜያቸው ሲገፋና ጉልበታቸው ሲደክም፣ «ላምጣቸው ወይስ በቀያቸው ልተዋቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የሚወድ ልጅ ያመጣል፣ የማይወድ ይተዋል። እኔም ዕድሜዬ ሃምሳን እስኪያልፍ ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር።

አባቴ ከአጋሮ ወዲያ፣ በጎማ ወረዳ፣ የቡና ገበሬ ነበሩ። የቡናው በሽታ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ሳይበስል እያጠቆረ ሲያረግፈው፣ ጎረቤቶቻቸው ተስፋ ቆርጠው ማሳቸውን ለበቆሎ ሲመነጥሩ፣ እርሳቸው ታግሠው ቆዩ። ኋላም በጅማ አጠገብ በመልኮ ካለው የምርምር ጣቢያ የወጡትን፣ በሽታውን የሚቋቋሙትንና 74110 እና 74112 እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩትን ዝርያዎች ተክለው ማሳቸውን እንደ አዲስ አቆሙ። በዋንዛውና በቢርቢራው ጥላ ሥር ያለው እያንዳንዱ የቡና ዛፍ በየትኛው ዓመት እንደ ተተከለ ያውቁ ነበር። ከዚህም ሌላ የመንደሩ እድር ዳኛ ነበሩ። ወሰን የገፋ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ የተበደረውን የካደ ሁሉ ነገሩ የሚታየው በእርሳቸው ደጅ ነበር።

እናቴ ባረፈች በስምንተኛው ወር፣ በሐምሌ፣ አባቴ ከማሳው ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ። ተነሥተው መሄድ አቅቷቸው ከቀትር ጀምሮ ከቡናው ሥር ተኝተው ሳለ፣ ማታ ከብት ሊመልስ የወጣ የጎረቤት ልጅ አገኛቸው። ወሬው በማግሥቱ ደረሰኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን አንድ አይሱዙ ተከራይቼ ሄድሁ። ከባለቤቴ ጋር አስቀድሜ ተማክሬ ነበር፤ እዚያም ደርሼ ከወንድሜና ከእድሩ ሰዎች ጋር ተማከርሁ። ላሟ ተሸጠች። ማሳውን ወንድሜ በእኩል እንዲይዘው ተስማማን። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ የእናቴም ጀበና ተጫነ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ። በመጨረሻም፣ «አባባ፣ እንሂድ» አልኋቸው፤ እርሳቸውም «እሺ» አሉ።

ይህን «እሺ» ለብዙ ጊዜ እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት። ዛሬ ሳስበው ግን አባቴ ምንም የተጠየቁት ነገር አልነበረም። ከሁሉ ጋር የተማከርሁ እኔ፣ ነገሩ የሚነካውን አንዱን ሰው አላማከርሁም። ሽማግሌው ደንግጠው፣ እግራቸው አብጦ፣ መኪናው ተጭኖ ከደጅ ሲጠብቅ፣ ከ«እሺ» በቀር ምን ሊሉ ይችሉ ነበር?

በቦሳ ኪቶ ምንም አላጓደልሁባቸውም። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለቀቅሁላቸው፤ ደኅና ፍራሽ ገዛሁላቸው፤ ማዕድ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚቈረሰው ለእርሳቸው ነበር። ሐኪም ቤት ቅርብ በመሆኑ እግራቸውም ዓይናቸውም ታከመ። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ ሰው እነዚህን አጥቶ ይሞታልና። አባቴ ግን በሕይወታቸው ሙሉ እንደ ለመዱት ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ ከተነሡ በኋላ የሚጠብቃቸው ሥራ የለም። ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ይቀመጡና ባጃጅ ሲወጣና ሲወርድ ይመለከታሉ። የሰፈሩ ሰው «የመምህሩ አባት» ይላቸው ነበር። በመንደራቸው እኔ የእርሳቸው ልጅ ነበርሁ፤ እዚህ ግን እርሳቸው የእኔ አባት ሆኑ። ልዩነቱ የገባኝ እጅግ ዘግይቶ ነው።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን እድር አባቴን ለማስመዝገብ አብረን ሄድን። ጸሐፊው ስሜን ከመዝገቡ አውጥቶ ከሥሩ «አባት» ብሎ ጻፈና ዘጋው። በእድር ደንብ ይህ ትክክል ነው፤ ቤተ ሰብ በአባሉ ስም ሥር ይመዘገባል፤ ከእነርሱም አንዱ ሲሞት አባሉ ገንዘቡንና ድንኳኑን ይቀበላል። አባቴ ፈገግ ብለው፣ «እኔ የማውቀው መዝገብ በዳኛው በኩል ነበር፤ እዚህ የገባሁት በሟቹ በኩል ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ በተኛሁ ጊዜ ግን ያ ሳቅ አልተስማማኝም።

በየካቲት መጨረሻ ይመስለኛል፣ አንድ ጥዋት አባቴ ከቤት ጠፉ። ልጆቹን አሰማርቼ፣ ራሴም እየሮጥሁ ስፈልግ፣ በመናኸሪያው አገኘኋቸው። ከአጋሮ የሚመጡት መኪናዎች በሚቆሙበት ስፍራ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ «ዝናቡ ጣለ ወይ? ቡናው አበበ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ቡና የመጀመሪያውን ዝናብ ካገኘ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ሽታውም አገሩን ይሞላዋል። የሚቆየው ግን ጥቂት ቀን ነው፤ ያመለጠው ሰው እስከ ሚመጣው ዓመት ይጠብቃል። እኔ ይህን አላሰብሁም። ከድንጋጤዬ የተነሣ በሰው ሁሉ ፊት ጮኬ፣ «ሳይነግሩኝ ለምን ይወጣሉ? ሕፃን ነዎት እንዴ?» አልኋቸው። በዚያ ከቆሙት መካከል የአባቴን ዳኝነት የሚያውቅ አንድ የአገራቸው ሰው ነበረ፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አባቴም አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ተከተሉኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፣ ተማሪን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ነውር ነው እያልሁ ለወጣት መምህራን የምመክር ሰው ነበርሁ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ፣ ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጠቅሳል፤ የ1992ቱም የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህንኑ ደግሞታል። ሕጉን አልነቅፍም፤ ዳኛ መዝኖ ሊፈርድበት የሚችለው ይህን የመሰለውን ነው። በእነዚህ በአራቱ ብከሰስ በነጻ እሰናበት ነበር። አባቴ ያጡት ግን በሕግ ያልተጻፈ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው መጥቶ ምክራቸውን የሚጠይቃቸው፣ እርሳቸው ካልደረሱበት ነገሩ የማይቋጭ ሰው መሆናቸው ነው። እኔ አካላቸውን ሳነሣ ይህን በመንደራቸው ትቼው መጣሁ።

ከዚያ በኋላ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁትን የያዕቆብን ታሪክ እንደ ገና አነበብሁት። ያን ጊዜ ልባችንን የሚማርከው የሕልሙና የጉድጓዱ ነገር ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ዮሴፍ በግብፅ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አባቱን በቤተ መንግሥት ጓዳ አላስቀመጠውም። ለበጎች በሚስማማው በጌሤም ምድር፣ ከልጆቹና ከመንጋው ጋር አኖረው እንጂ። ሽማግሌው ስፍራውን ለወጠ እንጂ አኗኗሩን አልለወጠም። ሠረገላው ከግብፅ በመጣ ጊዜም ወዲያው አልተነዳም፤ በመንገድ በቤርሳቤህ ቆሞ ከአምላኩ ጋር ጉዳዩን ጨረሰ። በኋላም 17 ዓመት በግብፅ ኖሮ፣ በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው ልጁን አስማለው። በከተማችን ያሉት እስላም ጎረቤቶቼም ይህን ታሪክ በሚገባ ያውቁታል፤ ዩሱፍ ወላጆቹን በዙፋኑ ላይ እንዳስቀመጣቸው በቁርኣን ተነግሯልና።

ነገር ግን ለመሄድ ያልፈቀደም አለ። ንጉሥ ዳዊት ከስደት ሲመለስ፣ በችግሩ ቀን የመገበውን የ80 ዓመቱን ሽማግሌ ቤርዜሊን በኢየሩሳሌም ሊጦረው ጠየቀው። ቤርዜሊ ግን የምግብ ጣዕም እንኳ የማይለይ፣ የዘፈን ድምፅ የማይሰማ ሽማግሌ ለንጉሥ ሸክም እንደሚሆን ገልጾ፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ፤ በእርሱም ፈንታ ከመዓም የተባለውን ወጣት ሰደደ። ዳዊት አልጎተተውም፤ ስሞ መርቆ ሸኘው። አንዱ ሽማግሌ ሄደ፣ አንዱ ቀረ፤ ሁለቱም ግን የገዛ ራሳቸውን ነገር የወሰኑት ራሳቸው ናቸው።

ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ከፋ፣ ወደ ኢሉባቡር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ የሰፈረው ሕዝብ 600,000 ያህል ነበር። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የተጫኑ ነበሩ፤ ይህን እኛ የዚያ ዘመን መምህራን ቡና እየጠጣን ስንነቅፍ እንውል ነበር። የመንግሥት ትእዛዝና የልጅ ፍቅር አንድ አይደሉም፤ አላመሳስላቸውም። ሆኖም ያን አይሱዙ ሳስብ፣ ያ ሁሉ ነቀፌታዬ ትዝ ይለኛል።

አሁን ደግሞ አንዳንዳችሁ፣ «እንግዲያስ በቀያቸው መተው ይሻላል» ትሉ ይሆናል። ቸኩላችሁ አትፍረዱ። አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ስለ እናቱ በጠየቅሁት ቊጥር፣ «እናቴ ቀዬዋን ትወዳለች፤ ፈቃዷን አከብራለሁ» ይለኝ ነበር። አነጋገሩ ያማረ ስለ ሆነ እኔም አመንሁት። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሄዶ አላያትም። ሴትዮዋ ውኃ የሚቀዳላቸው አጥተው፣ የጎረቤት ሕፃናት በቆርቆሮ ያመጡላቸውን ይጠጡ ነበር። እርሱ ያከበረው ፈቃዷን አልነበረም፤ የራሱን ዕረፍት ነበር እንጂ። ዛሬማ ገንዘብ በቴሌብር በአንድ ደቂቃ ስለሚላክ፣ ይህ ዓይነቱ አክብሮት ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። እንግዲህ «አመጣኋቸው» ማለትም፣ «ፈቃዳቸውን ጠበቅሁ» ማለትም ብቻውን ማንንም ጻድቅ አያደርግም። ከሁለቱ የትኛው የከፋ እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ፣ የእርሱ ይከፋል እላለሁ፤ እኔ ቢያንስ ስሕተቴን በየቀኑ በበረንዳዬ ላይ አየው ነበርና።

ከመናኸሪያው በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ፊታቸውን ማየት አፈርሁ። ከዚያም አንድ ማታ እግራቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ምን ይሻላል?» አልኋቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም፣ «እዚያ ሌሊቱ ያስፈራኛል፤ እዚህ ቀኑ ያስጨንቀኛል» አሉ። እኔ ወይ ይህን ወይ ያን ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ የእርሳቸው ችግር ግን ሁለቱንም የያዘ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአበባውና በለቀማው ወራት ወደ ወንድሜ ቤት ወስዳቸው ነበር፤ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይቆያልና ረጅም ጊዜ ነው። በዚያም ሰው በነገሩ ይፈልጋቸዋል፤ ጀንፈሉ በአልጋው ላይ ሲሰጣ «አገላብጡት» እያሉ ይቈጣሉ። ክረምቱን ግን ከእኔ ጋር ያሳልፋሉ። ፍጹም መፍትሔ አልነበረም። መንገዱ ያደክማቸው ነበር፤ ወንድሜና እኔም ስለ ወጪው ተነታርከናል። በጓሮዬም ስድስት የቡና ችግኝ ተከሉ፤ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት እንደሚፈልግ እያወቁ ነው የተከሉት። ጥላ የለውም ብለው ሁልጊዜ ይነቅፉኝ ነበር።

አባቴ በ2005 ዓ.ም. በቤቴ ዐረፉ። በመንደራቸው ቀበርናቸው፤ ያስለቀሰኝም የቀድሞው እድራቸው ድንኳኑን ተክሎ፣ የዳኛውን ወንበር ባዶውን አቁሞ ሲጠብቀን ማየቴ ነው።

ይህን ሁሉ ካስታወስሁ በኋላ ለልጄ ደወልሁላት። ቤቷ በጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ከኪቶ ገበያ ቅርጫት ይዞ ለመመለስ እንኳ ማማረር ጀምሯል። ያን ጊዜ ለአባቴ ያላደረግሁትን እርሷ እንድታደርግልኝ ፈልጌ፣ «ልጄ፣ ክፍል ከማዘጋጀትሽ በፊት ብትጠይቂኝ ምናለበት?» አልኋት። ትንሽ ተቀይማ፣ «ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀብቼዋለሁ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ አባዬ፣ አሁን እጠይቅሃለሁ፤ ምን ትፈልጋለህ?» አለች።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬ፣ በመጣ ጊዜ መልስ እንደሌለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጎረቤቶቼን እፈልጋለሁ፤ እርሷንም እፈልጋለሁ፤ ሌሊትም ሲያመኝ የሚሰማኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለጊዜው በጓሮዬ ያሉት ስድስቱ ዛፎች ሊቀሉ ስለ ሆነ ለቀማው ሳያልቅ ከዚህ እንደማልንቀሳቀስ፣ በጥር ግን መጥቼ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ደረጃውንም ሰፈሩንም እንደማይ ነገርኋት። «ቡናውን ግን ይዘህልኝ ና» አለችኝ።