«የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ መሄድ ይበቃልን?

ቃሊቲ፣ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ እንበል። ከባድ መኪናው ወደ ኋላ ሲጠጋ ጭነት ሊያወርድ የቆመው የቀን ሠራተኛ በመኪናውና በግድግዳው መካከል ይጣበቃል። ጩኸት ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን ይደረጋል!» ይላል። ነገሩም በዚያው እንዲዘጋ ይፈለጋል።

ውድ አንባቢያን! በቀደር ማመን የኢማናችን መሠረት ነው። ግን ቀደር ከኃላፊነት ማምለጫ ይሆናልን? ሱረቱ አን-ኒሳእ በ92ኛው አንቀጽ ሙእሚንን ሳያስብ በስሕተት በገደለ ሰው ላይ እንኳ ከፋራን ይጥላል፤ ቤተሰቡ ካልማረው ደግሞ ዲያ እንዲከፈል ይደነግጋል። አለማሰቡ የነፍሰ ገዳይነትን ስም ያነሣለት ይሆናል እንጂ የተጎጂውን ሐቅ አያነሣለትም።

ታዲያ ሾፌሩ ምን ያድርግ? በቅድሚያ ነፍስ! የተጣበቀውን ካላቀቀ በኋላ ሞተሩን ያጥፋ፤ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባ። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ ይያዝ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግቢው የተዘጋ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ አላየም። ባለ መኪናው፣ የመጋዘኑ ኃላፊና ሾፌሩ ተስማምተው «ራሱ ነው የገባው» ሊሉ ይችላሉ። ወይም ጥፋቱ «ና፣ ና» እያለ ባስጠጋው ረዳት ላይ ይጣላል። ይኸው ሱራ ግን በ135ኛው አንቀጽ በራሳችን ላይም ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል። ሾፌሩ መስተዋት ካላየ «አላየሁም» ይበል።

«እውነት ብናገር እንጀራዬ ይቆረጣል» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ የዋዛ አይደለም። ይሁንና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። እነዚህ በሮች የሚከፈቱት ግን አደጋው ሳይደበቅ ሲመዘገብ ነው። የሾፌሩ ዝምታ በድኻው ላይ ይዘጋቸዋል።

እርቅ መልካም ነው። ነገር ግን ጉዳቱ በሐኪም ሳይታወቅ፣ መብቱም ሳይነገረው ጥቂት ብር አስጨብጦ ማስፈረም እርቅ ሳይሆን አፍ ማዘጋት ነው።

በቀደር ያመነ ሰው የሆነውን ይቀበላል፤ ከዚያም ተነሥቶ ሆስፒታል ደጃፍ ይገኛል። አላህ ሐቅን ለባለ ሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን!