ሕግ የሌለው ሙዚቃ ሕግ አለውን?

ኖታ ያልተጻፈለት፣ ዜማውም ምቱም አስቀድሞ ያልተወሰነ ሙዚቃ ሙዚቃ ነው ወይስ ጩኸት? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል እንጂ በተግባር የተፈተነው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ፣ ግሬፕስ በሚባል መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ፣ ከ1963 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ይጫወቱ ነበር፤ ዴሪክ ቤይሊ ጊታር፣ ጋቪን ብራያርስ ቤዝ፣ ቶኒ ኦክስሌይ ድራም። የቡድናቸውን ስም ጆሴፍ ሆልብሩክ ያሉት ብዙ ሰው በረሳው አንድ የአገራቸው አቀናባሪ ስም ነው። ሲጀምሩ የቢል ኢቫንስንና የጆን ኮልትሬንን ፈለግ የተከተለ ጃዝ ይጫወቱ ነበር። እያደር ምቱን አላሉት፤ የኮርዱን ቅደም ተከተልም ተዉት፤ በመጨረሻ አስቀድመው የተስማሙበት ነገር አልቀረም።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ሕጉ ሁሉ ሲነሣ የቀረው ምንድን ነው? ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ነፃነት» የሚል ነው። መልሱ ግን አያጠግብም። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ያሻቸውን ቢጫወቱ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ብቸኞች አሉ ማለት ነው እንጂ ቡድን የለም። ደግሞም ተጫዋቾቹ ራሳቸው የአንዱን ቀን ጨዋታ «ሠመረ»፣ የሌላውን «ከሸፈ» ይላሉ። የሠመረና የከሸፈ ካለ መለኪያ አለ፤ መለኪያ ካለ ደግሞ ሕግ አለ። ታዲያ የት ነው ያለው?

ፍንጩን የሚሰጠን ድራም መቺው ጆን ስቲቨንስ ነው። ከ1966 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው ሊትል ቲያትር ክለብ፣ ከትሬቨር ዋትስና ከፖል ራዘርፎርድ ጋር ስፖንቴኒየስ ሚዩዚክ ኢንሰምብል በተባለው ቡድን ይጫወት ነበር። ምክሩ አጭር ነው፤ የጓደኛህ ድምፅ የማይሰማህ ከሆነ አንተ በጣም እየጮህክ ነው። ካወጣቸው መልመጃዎች በአንዱ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች መሣሪያው ሊያወጣ የሚችለውን እጅግ አጭር ድምፅ ብቻ በራሱ ጊዜ ያሰማል። መጀመሪያ የተበታተነ ጠብታ ነው፤ ጆሮ ሲከፈት ግን ማንም ያላዘዘው ምት ከመካከላቸው ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ አልጠፋም፤ ከወረቀት ወደ ጆሮ ተዛውሯል። ኖታ አንብቦ የሚጫወት ሰው ለጻፈው ሰው ይታዘዛል፤ እነዚህ ግን አጠገባቸው ላለው ሰው ይታዘዛሉ። ይኸኛው መታዘዝ ይከብዳል፤ አስቀድሞ ሊጠና አይችልምና።

አንድ ተከራካሪ ግን ይነሣል። ቤይሊ በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ኢምፕሮቫይዜሽንን፣ ማለትም እዚያው እየፈጠሩ መጫወትን፣ ለሁለት ይከፍላል፤ አንደኛው እንደ ፍላሜንኮና እንደ ሕንድ ራጋ በአንድ ባህል ስልት ውስጥ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከየትኛውም ስልት ነፃ ለመሆን የሚጥር ነው። ተከራካሪው «የቤይሊን ጊታር የለመደ ሰው በጥቂት ሰከንድ ይለየው የለምን? ከስልት የሸሸው ራሱ ስልት ሆነ» ይላል። ክርክሩ ከባድ ነው። ብራያርስም በ1966 ይህን አጨዋወት ሲተው ያስጨነቀው ወደዚህ የቀረበ ነገር ነበር፤ ሙዚቃው ከፈጠረው ሰው ሊለይ አለመቻሉ። ወደ ድርሰት ዞረ።

ቤይሊ የመለሰው በሥራ ነው። በ1976 ካምፓኒ የተባለ፣ አባላቱ የሚለዋወጡ ስብስብ አቋቋመ፤ አብረው ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን ያገናኝ ነበር። የለመዱት ጓደኛ ልማድን ያጸናል፤ እንግዳ ሰው ግን ያናጋዋል። በዕድሜው መጨረሻ፣ ሕመም የቀኝ እጁን ይዞት የጊታር መምቻውን መጨበጥ ሲያቅተው፣ ቀዶ ሕክምናን ትቶ ያለ መምቻ በጣቱ መጫወትን እንደ አዲስ ተማረ። በ2005 የወጣው «ካርፓል ተነል» የተሰኘ አልበሙ ይህን ትምህርት በሳምንታት ልዩነት እየቀዳ ያሰማል። ከዚህ የምንረዳው ነፃነት አንዴ ተደርሶበት የሚያርፉበት ደረጃ አለመሆኑን ነው። ትናንት የተገኘው ነፃነት ዛሬ ልማድ ይሆናል፤ ተከራካሪው እውነቱን ነው፤ ግን ያሳየን የነፃነትን አለመኖር ሳይሆን ዕድሜው አጭር መሆኑን ነው።

ሕጉ በጆሮ ነው ማለታችንን የሚፈትን አንድ ነገር እንጨምር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ፣ በቤይሊ አከፋፈል ፍጹም የስልት ሰው ነበር። በ2004 አምስተርዳም ላይ፣ በ1967 ከተመሠረተው ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል ከተባለው የደች ነፃ ተጫዋቾች ስብስብ ጋር ተጫወተ። ሕጉ በስልት ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ባልኖረ ነበር።

መደማመጥ ብቻውን መልካም ሙዚቃን አያረጋግጥም፤ ሁለት ጥሩ አድማጮች ተያይዘው ሊያሰለቹን ይችላሉ። ለፍርድ ግን መነሻ ይሰጠናል። ይህን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው «ዜማው የታል?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። «የዚህኛው ድምፅ በዚያኛው ምክንያት ተለወጠ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን፣ ሙዚቃውን ከጩኸት ለመለየት የባለሙያ ምስክር አያሻውም።