ክፍያው ያላካተተው አማና

 

ዛሬ ስለ እረፍት ጉዞ እናውራ። በተለይ አሜሪካ የምትኖሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሜክሲኮ ካንኩን ትኬት የምትፈልጉ ስሙኝ። እረፍት ሐላል ነው። ቤተሰብን ማስደሰት ኒያው ካማረ አጅር አለው። እኔም ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሄጄ ነበር። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት።

ሪዞርቱ ስትደርስ መጀመሪያ እጅህ ላይ ማሰሪያ ያስሩልሃል። ከዚያ በኋላ ኪስህን አትነካም። ቁርሱ፣ ምሳው፣ ጭማቂው፣ ፎጣው፣ የልጆች ጨዋታው ሁሉ ተከፍሎበታል። "ሁሉንም ያካተተ" ይሉታል። ሁለት ቀን ሳይሞላህ ልብህ ይዘናጋል፤ ሁሉን ነገር ሌላ ሰው የሚሠራልህ ይመስልሃል።

ሦስተኛው ቀን ጁሙዓ ነበር። መንገደኛ ላይ ጁሙዓ ግዴታ ስላልሆነ ዙህርን ተራ በተራ ልንሰግድ ተስማማን። ባለቤቴ ወደ ክፍላችን ወጣች፤ እኔ ከልጆቹ ጋር የልጆች ገንዳ ዳር ቀረሁ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ምን ይመጣል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ለዘመድ ፎቶ ልልክ ነው፣ "ማሻአላህ" እንዲሉልኝ።

ያጎነበስኩት ለትንሽ ጊዜ ነው። ልጄ ግን ከትንሹ ገንዳ ወጥታ አጠገቡ ወዳለው ትልቁ ገብታ ነበር። አልጮኸችም። ውሃው እንኳ አልተንቦራጨቀም። ያ ሁሉ ሰው እያለ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ማንም አላያትም። ያያት ፎጣ የሚሰበስብ ሠራተኛ ነው። ከነጫማው ዘሎ ገብቶ አወጣት። አሳላት፣ ከዚያ አለቀሰች። ያ ለቅሶ በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ ጣፈጠኝ። አልሐምዱሊላህ!

ሰውየው የሚያውቀው ስፓኒሽ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ከ"ግራሲያስ" በቀር የምለው የለኝም። ጣቱን ከዓይኑ ሥር አድርጎ ወደ ልጄ ጠቆመ። ዓይንህን ከሷ ላይ አታንሳ ማለቱ ነው። ስንት ኹጥባ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ምልክት የገባኝ ግን የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ! ልጅ አማና ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ያ ማሰሪያ ምግቡን ያካትታል፣ ፎጣውን ያካትታል፤ እረኝነትህን ግን አያካትትም።

የዚያን ቀን ማታ አሸዋው ላይ በገመድ የታጠረ ቦታ አየን። የባሕር ኤሊ እንቁላል ነው። እናቲቱ ሌሊት ከባሕር ወጥታ ትቆፍራለች፣ መቶ ገደማ እንቁላል ጥላ አሸዋ ታለብሰዋለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ተመልሳ አታያቸውም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ተፈልፍለው ያለ እናት ወደ ውሃው ይሄዳሉ። ሱብሐነላህ! ለኤሊዋ አላህ የሰጣት ተፈጥሮ ነው። ላንተ ግን እንዲህ አልተፈቀደልህም። "በአላህ ተመክቻለሁ" እያልክ ስልክህ ላይ ካጎነበስክ፣ ግመሉን ሳያስር እንደተመካው ሰው ነህ።

ስለዚህ ለምትሄዱ፦

አንደኛ፣ ተረኛ ጠባቂ ይኑር። "አሁን እኔ ነኝ" ብላችሁ በአፍ ተነጋገሩ፤ ተረኛው ስልኩን ለሌላው ይስጥ። እሱ "እሷ ታያለች"፣ እሷ "እሱ ያያል" ሲሉ ልጁን ማንም አያየውም። ትንሽ ልጅ እጃችሁ ከሚደርስበት አይራቅ። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከምንም ነገር በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። በአየር የሚነፋው የክንድ መንሳፈፊያም መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባሕሩ ዳር ያለውን ባንዲራ እዩ። አረንጓዴ ሰላም ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አደጋ፣ ጥቁር ደግሞ መግባት ክልክል ነው። ልጅ አለቀሰ ተብሎ በቀይ ባንዲራ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የሚበሉትንም ጠብቁ። "ሴርዶ" የአሳማ ሥጋ ነው፤ "ማንቴካ" ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ስብ ነው። ተፈጭቶ የሚቀርበው ቦሎቄ ሥጋ የሌለበት ቢመስልም ብዙ ጊዜ በሱ ይሠራል። "ለልጅ ምን ችግር አለው" አትበሉ፤ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ሶላት። ካንኩንም መካም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ቂብላው ግን ቀጥታ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስንት ቀን ለሚቆይ ሰው ሶላት ማሳጠር እንደሚፈቀድ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሳትሄዱ ዑስታዛችሁን ጠይቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰውየውን ፈለግኩት። ባሕሩ የተፋውን ቡናማ አረም ከሌሎች ጋር በአካፋ ሲጠርግ አገኘሁት። ስልኩን አውጥቶ የሁለት ልጆች ፎቶ አሳየኝ። "ቺያፓስ" አለኝ። ከካንኩን ሩቅ የሆነ ክፍለ ሀገር ነው። እሱ የሰው ልጅ ሲጠብቅ ይውላል፣ የራሱን ልጆች በስልክ ያያል። እኔ ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ስልክ አያለሁ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ካንኩን ባትሄዱም ልጆቻችሁ፣ ታናናሾቻችሁ ቤት ውስጥ አሉ። ዛሬ ስልኩን አስቀምጣችሁ ለአንድ ሰዓት ብቻ እዩዋቸው።

ያ አላህ! አማናህን የምንጠብቅ አድርገን። ልጆቻችንን ከውሃም ከእሳትም ጠብቅልን። ሳናውቃቸው ለጠበቁልን ሰዎች መልካሙን ሁሉ ስጥልን፣ ወደ ሂዳያህም ምራልን። አሚን።

በነብያችን ላይ ሶለዋት አብዙ።