ከአራቱ ማን ቀደመ?

ከአራቱ ወንጌላውያን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለብዙው ምዕመን አጉል መራቀቅ፣ ለተመራማሪው ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው። አንዱ «ምን ይጠቅመናል?» ይላል፤ ሌላው ዕድሜውን ይፈጅበታል። እኔ ግን ከጥያቄው ሥር ሌላ ጥያቄ ይታየኛል፤ እሱም ከታሪክ ይልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ስለ አንድ ነገር የሚመሰክሩ ሰዎች ቃላቸው ሲለያይ እኛ ሰሚዎቹ ምን እናድርግ? ቃላቸውን አስማምተን አንድ እናድርገው? ወይስ ቀዳሚውን መርጠን ሌሎቹን ዝም እናሰኛቸው? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ነገሩን እንይ። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ብዙውን ታሪክ በተቀራረበ ቅደም ተከተል፣ አልፎ አልፎም በአንድ ዓይነት የግሪክ ቃላት ይተርካሉ። ከማርቆስ 660 ያህል ቁጥሮች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ በይዘታቸው በማቴዎስም ይገኛሉ። ኢየሱስ ሕዝቡን ያስተማረው በአራማይክ እንደነበረ ይታመናል፤ ወንጌላቱ በእጃችን ያሉት ግን በግሪክ ነው። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ቢተረጉሙ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ አይወጣላቸውም። ሦስት ምስክሮች ችሎት ቀርበው ቃል በቃል አንድ ነገር ቢናገሩ ዳኛው «ተመካክራችኋል» ማለቱ አይቀርም። ሊቃውንቱም ከዚሁ ደረሱ፤ አንዱ የሌላውን አይቷል ማለት ነው። ታዲያ ማን የማንን አየ?

አውግስጢኖስ በ400 ገደማ ማቴዎስ ቀዳሚ፣ ማርቆስ ደግሞ የእሱ ተከታይና አሳጣሪ ነው ብሎ ነበር። ይህ አስተያየት ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ግሪስባህ ማርቆስን ወደ መጨረሻ አወረደውና ከማቴዎስና ከሉቃስ ያጠናቀረ ነው አለ። በ1838 የአገሩ ልጅ ቫይሰ ነገሩን ገለበጠው። ቀዳሚው ማርቆስ ነው፤ ማቴዎስና ሉቃስ እሱንና አንድ ሌላ፣ የጌታን ንግግሮች የያዘ ጽሑፍ ተጠቅመዋል አለ። ይህ ጽሑፍ በኋላ «ኪው» የሚል ስም ወጣለት፤ «ምንጭ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው። ሆልትዝማን በ1863፣ እንግሊዛዊው ስትሪተር በ1924 ሐሳቡን አስፋፉት። ዛሬም አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ማርቆስን ያስቀድማሉ።

ማስረጃው ምንድነው? አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ኢየሱስ በአገሩ ሰዎች ዘንድ በተናቀ ጊዜ፣ ማርቆስ ጥቂት ድውያንን ከመፈወስ በቀር በዚያ ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ ይተርካል። ማቴዎስ ደግሞ ስለ አለማመናቸው ብዙ ተአምር እንዳላደረገ ይናገራል። «አልቻለም» እና «አላደረገም» እጅግ ይራራቃሉ። አስቸጋሪውን ቃል የሚያለሰልስ ጸሐፊ መገመት ቀላል ነው፤ ለስላሳውን ወስዶ የሚያከብድ መገመት ግን ይከብዳል። ስለዚህ እኔም ማርቆስ ይቀድማል ወደሚሉት አዘነብላለሁ።

«ኪው» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ቅጠል እንኳ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በ1945 ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ ላይ የተገኘው የቶማስ ወንጌል ንግግሮችን ብቻ የሚሰበስብ ጽሑፍ መኖሩን አሳየ እንጂ «ኪው»ን አላመጣልንም። ደግሞም ማቴዎስና ሉቃስ ማርቆስ ውስጥ በሌለ ነገር የሚገናኙበት ስፍራ አለ። ኢየሱስን ሲመቱት «የመታህ ማን ነው?» ብለው እንደተሳለቁበት ሁለቱ ይጽፋሉ፤ ማርቆስ ይህን አልጻፈም። ኦስቲን ፋረር በ1955 ሉቃስ ማቴዎስን አንብቧል ካልን «ኪው» አያስፈልገንም አለ፤ ማርክ ጉዳከር በ2002 ሙግቱን በመጽሐፍ አጠናከረው። ይህ ሁሉ እያለ ማንም አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ በየንብርብሩ ከፋፍለው የጻፈውን ማኅበረሰብ ጠባይ እስከ መተረክ የደረሱ ሊቃውንት አሉ። ምዕመኑን «ሳታይ ታምናለህ» እያለ የሚወቅስ ምሁር ግምቱን እንደ ግኝት ሲያወራ ከወቀሰው ሰው በምን ይሻላል? ግምትን ግምት ብሎ መጥራትም የምግባር ጉዳይ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። የምስክሮቹ ልዩነት የዛሬ ሊቃውንት ፈጠራ አይደለም፤ የጥንቶቹም አውቀውታል። በ170 ገደማ ሶርያዊው ታቲያን አራቱን አዋሕዶ አንድ ተከታታይ ታሪክ አደረጋቸው፤ መጽሐፉም «ዲያቴሳሮን» ተባለ። ምቹ መጽሐፍ ስለነበረ በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ጊዜ ተነቧል። በ5ኛው መቶ ዘመን የቂሮስ ጳጳስ ቴዎዶሬት ከሀገረ ስብከቱ ከ200 በላይ ቅጂዎች ሰብስቦ በአራቱ ወንጌላት ተካቸው። የሰውን መጽሐፍ መሰብሰብ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለም። ሆኖም የታቲያን መንገድ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ «አልቻለም» የሚለው የማርቆስ ቃል ዛሬ ላይደርሰን ይችል ነበር።

ሦስተኛውን መንገድ ያሳየው የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወንጌላቱን በቁጥር ከፋፍሎ አሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ። በመጀመሪያው አራቱም የሚገናኙበት፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወይም ሁለት የሚገናኙበት፣ በአሥረኛው ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው የተናገረው ተመዘገበ። ከማንም ቃል አልቀነሰም፤ ማንንም ከማንም አልቀላቀለም። የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ ብቻ አመለከተ። እነዚህ ሰንጠረዦች በቀለም ባጌጡ ዓምዶች መካከል ተጽፈው ዓድዋ አካባቢ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ወንጌላት ውስጥ ይገኛሉ፤ ብራናዎቹ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ተመድበዋል። የማርቆስ መጨረሻም እንዲሁ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ የግሪክ ቅጂዎች ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ ያበቃሉ። ብዙ የግዕዝ ቅጂዎች ግን አጭሩንም ረጅሙንም መዝጊያ አስከትለው ጽፈዋል። «አንድም» እያለ ትርጓሜን ከትርጓሜ ጎን ለሚያኖር የትምህርት ባህል ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። «እውነት አንድ ነው፤ ሁሉን ማስቀመጥ ከፍርድ መሸሽ አይደለም?» ሙግቱ ቀላል አይደለም። ሦስቱ ወንጌላት የመጨረሻውን ራት የፋሲካ ራት ሲያደርጉት፣ ዮሐንስ ስቅለቱን ፋሲካው ከመበላቱ በፊት ያደርገዋል። ሊቃውንት ሊያስታርቋቸው ብዙ ደክመዋል፤ እንደ ተጻፈው ከተወሰደ ግን ቀኑ ሁለት ሊሆን አይችልም። እኔም ሁለቱም ትክክል ናቸው አላልኩም። ቃልን መጠበቅ ቃሉን ማጽደቅ አይደለም፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ዳኛ መዝገቡን ክፍት መተው ነው። የምስክሮችን ቃል አንድ የሚያደርግ ሰው የራሱን ፍርድ ብቻ አይሰጥም፤ የሌላውን የመፍረድ መብት ጭምር ይወስዳል።

ቀዳሚነትም ለእውነት ዋስትና አይሆንም። ቀድሞ የደረሰ ምስክር ቸኩሎ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የመጣው መርምሮ ሊሆን ይችላል። ሉቃስ ራሱ ከእሱ በፊት ብዙዎች እንደጻፉ በመክፈቻው ሳይሸሽግ ገልጾ፣ ሁሉን በጥንቃቄ ተከታትሎ መጻፉን ይናገራል። «ማን ቀደመ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማርቆስ የሚሰጥ ሰው ግን ሉቃስን ለማሰናበት ፈቃድ አላገኘም።

ምርምር እምነቱን ያናጋብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው አራቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያንብብ። ልዩነቱን ማንም አልደበቀበትም፤ ምርመራውን ያስጀመሩት ራሳቸው እምነቱን ያወረሱት አባቶች ናቸው። ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተለያየ ቃል በአንድ ጥራዝ ተጠብቆ መኖሩ የድካም ምልክት ሆኖ አይታየኝም። ከአንድ በላይ ምስክር መስማት የሚችል ልብ የሠራው ሥራ ነው።