ቀጥቃጩ የት ይቀመጥ?

ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች በሚሰበሰቡበት ማኅበር ውስጥ ለአንዱ ሙያ የራሱን መቀመጫ ለይቶ መስጠት ሙያውን ማክበር ነው ወይስ ባለሙያውን ማራቅ የሚለው ጥያቄ፣ ከላይ ሲያዩት የአደረጃጀት ነገር ብቻ ይመስላል። ስለ ብረት ቀጥቃጭ ሲነሣ ግን መልኩ ይለወጣል። ቀጥቃጭ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ እርሱ የማይታረስ፣ ከእርሱ ጋር ግን የማይበላ ሰው ሆኖ ስለ ኖረ፣ «የራሱ ስፍራ ይኑረው» የሚለው ቃል ከወዳጅም ከጠላትም አፍ ሊወጣ ይችላል። የቃሉን ትርጉም ለመለየት መቀመጫው የት እንደ ተዘረጋ፣ በሩም ወዴት እንደሚከፈት መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ምርመራ ከጥንት ጽሑፎች ሁሉ የቀረበው ምስክር በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ይገኛል። ታልሙድ የአይሁድ መምህራን በሕግና በትውፊት ላይ ያደረጉት ክርክር የተሰበሰበበት ሰፊ መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ዳስ በዓል የሚናገረውና «ሱካ» የተባለው ክፍሉ የእስክንድርያን ታላቅ ምኩራብ በረቢ ይሁዳ ቃል ይገልጻል። በምኩራቡ ለ71 ሽማግሌዎች 71 የወርቅ መንበሮች ተዘርግተው ነበር፤ በመካከሉም ከእንጨት የተሠራ መድረክ ነበረ፤ ሕዝቡ ከብዛቱ የተነሣ የጸሎቱን ድምፅ መስማት ስለማይችል፣ አሜን የሚባልበት ጊዜ ሲደርስ የምኩራቡ አገልጋይ በመድረኩ ላይ ቆሞ ጨርቅ ያውለበልባል፣ ሕዝቡም ሁሉ ጨርቁን አይቶ አሜን ይላል። ተቀማጮቹ ግን አልተደባለቁም፤ ወርቅ ሠሪዎች ለብቻቸው፣ ብር ሠሪዎች ለብቻቸው፣ ብረት ቀጥቃጮች ለብቻቸው፣ ሸማኔዎችም ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። የመንበሮቹ ወርቅ ለማድነቅ ሲባል የተጋነነ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ የአቀማመጡ ሥርዓት ግን ማንም ሰው ለማስገረም ብሎ የሚፈጥረው ዓይነት ነገር አይደለም። ጽሑፉ ጥቅሙንም ጨምሮ ይናገራል፤ ድኻ እንግዳ ወደ ምኩራቡ ሲገባ የሙያ ባልንጀሮቹን በመቀመጫቸው ለይቶ ያውቃል፣ ወደ እነርሱም ዘወር ብሎ የራሱንና የቤተሰቡን እንጀራ ከዚያ ያገኛል።

እንግዳው እንጀራውን ከዚያ መቀመጫ ማግኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀጥቃጭ ለቀጥቃጭ ብቻ ሊያስረዳው የሚችለው ነገር አለ። የደነዘዘ ማረሻ በከሰል ውስጥ ገብቶ ወናፍ ሲነፋበት፣ ብረቱ መጀመሪያ እንደ ደረቀ ደም ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ከዚያም ወደ ብርቱካንና ወደ ቢጫ መልክ ይሻገራል። በጉጠት ተይዞ ወደ መስፉ፣ ማለትም ብረት ተቀምጦ ወደሚመታበት ድፍን ብረት የሚወጣው በብርቱካኑና በቢጫው መካከል ሳለ ነው፤ ቀዝቅዞ ቢመታ ይሰነጠቃል፣ እስኪነጣ ድረስ በእሳቱ ቢቆይ ደግሞ ብልጭታ እየረጨ ይቃጠላል። ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚያወጣ ባለሙያ ከዚህ የጠበበ ልክ መጠበቅ አለበት። ግሎ በውኃ የተነከረ ብረት ጠንክሮ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን እንደገና በቀስታ ይሞቃል፤ በዚህ ጊዜ የተወለወለው ገጹ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቢጫነት ያወጣል፣ በ300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስለት ለሚፈለግበት ዕቃ ቢጫው፣ ለሚለመጥና ለሚመለስ ሞላ ሰማያዊው ይመረጣል። ዲግሪውን መጽሐፍ ሊመዘግበው ይችላል፤ የመልኩን ልክ ግን ጨለም ባለ ጎጆ ውስጥ ዓይን ከዓይን ይማረዋል፤ የቀጥቃጭ ቤት ብርሃን የማይበዛበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሃንጋሪ የተወለደው ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ፣ ሰው በቃል ሊገልጸው ከሚችለው የበለጠ እንደሚያውቅ እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመ መጽሐፉ ያስረዳል። ባለ እጅ የሚለው የአማርኛ ስምም ዕውቀትን በእጅ ላይ ማኖሩ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በተደባለቀ ሸንጎ ውስጥ ሲነሣ ሸማኔው ያዛጋል፣ አራሹ ወሬ ይለውጣል፣ ቀጥቃጩም ዝም ይላል። ስለዚህ የተለየ መቀመጫ የዕውቀቱ ጠባይ ራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ ይህን የመቀመጫውን ምክንያት የሚያፈርስ ክርክር የሚገኝ አይመስልም።

ሆኖም በዚያው በግብፅ ምድር የተተረጎመ ሌላ መጽሐፍ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና የሚቆጠረውን መጽሐፈ ሲራክን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ የመለሰው የደራሲው የልጅ ልጅ ሲሆን፣ እርሱም ወደ ግብፅ የወረደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ132 ዓመት ገደማ ነው። የመጽሐፉ 38ኛ ምዕራፍ በመስፉ አጠገብ የተቀመጠውን ቀጥቃጭ ሲሥል እጅግ ቅርብ ሆኖ ይመለከተዋል፤ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን ሲያከሳው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ሲመታው፣ ዓይኑ ከሚሠራው ዕቃ አምሳል ሳይነቀል ሥራውን ለመፈጸም ሲተጋ ያሳየዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌሉ ከተማ እንደማይቀና ይመሰክርላቸዋል፤ ወዲያውም ለሕዝብ ምክር እንደማይፈለጉና በዳኛ ወንበር ላይ እንደማይቀመጡ ይናገራል። ደራሲው ራሱ የመጽሐፍ ሰው ነበርና ለጸሐፊነት ማድላቱ አይደንቅም። የሚደንቀው የምዕራፉ መዝጊያ ነው፤ እነዚሁ ከምክር የራቁ ሰዎች የዓለምን ሥራ አጽንተው እንደሚይዙ፣ ጸሎታቸውም የሙያቸው ሥራ እንደ ሆነ ይገልጻል። አርስቶትል ፖለቲካ በተባለው ድርሳኑ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ መልካም የሆነች ከተማ የእጅ ባለሙያን ዜጋ እንደማታደርግ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ማካካሻ አላሰበም። ሲራክ ለቀጥቃጩ ጸሎትን ሰጠው፣ ሸንጎን ነሣው፤ ይህ ስጦታ ከልብ የተሰጠ ቢሆን እንኳ ብልጠት አያጣውም።

ከዚህ ክፍፍል በስተጀርባ በብረት ላይ ያለ የቆየ ጥርጣሬ አለ። በኦሪት ዘፍጥረት 4ኛ ምዕራፍ የናስና የብረት ሥራ አባት ሆኖ የተጠቀሰው ቱባልቃይን ከቃየን ዘር ነው። ምሉእ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሰይፍንና ጋሻን መሥራት ለሰው ልጆች ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ የሆነው አዛዝኤል መሆኑን ይናገራል፤ በዚህ አስተሳሰብ የብረት ዕውቀት ሳይፈቀድ ከሰማይ የወጣ ምሥጢር ይሆናል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ ድንጋዩ በተፈለፈለበት ስፍራ ተጠርቦ ስለ መጣ የመዶሻም የመጥረቢያም ድምፅ በቤቱ ውስጥ አልተሰማም። በአንጻሩ የቁርኣን 57ኛው ምዕራፍ ስሙ «ሐዲድ»፣ ማለትም ብረት ሲሆን፣ ብረት ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ያለበት ሆኖ እንደ ወረደ ይናገራል፤ 34ኛው ምዕራፍም ብረት ለዳውድ እንደ ለሰለሰለትና ጥሩር እንዲሠራ እንደ ታዘዘ ስለሚያስረዳ፣ በዚያ ቀጥቃጩና ንጉሡ አንድ ሰው ናቸው። እነዚህን ምስክሮች አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ብረት አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ ብሎ ቀጥቃጭን ሊያርቅባቸው አይችልም፤ ቢያርቅም ከመጽሐፉ ይልቅ የራሱ ፍርሃት ነው የተናገረው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ይህ ፍርሃት የራሱን ቋንቋ አበጅቷል። ጠይብ የሚለው ቃል የመጣው ጥበበኛ ማለት ከሆነው ጠቢብ ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ጥበብን የሚያመሰግን ስም በሰው አፍ ተገላብጦ ስድብ መሆኑ፣ ስለ ማኅበረሰቡ ብዙ መጽሐፍ የማይነግረውን ይነግራል። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ በሌሊትም ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ገበሬው የማረሻውን ጫፍ ለማሳል ደጁ ይቆማል፣ ብረቱን ተቀብሎ እህል ይሰፍርለታል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ርስት የመያዝ መብት ሲነፈጋቸው ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ተሰማሩ፤ ለሌላው ማረሻ የሚሠራ ሰው ራሱ የሚያርሰው ርስት አልነበረውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ገጽ አለ፤ ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ከሌላ እምነት ሰው ጋር ሲነካኩ በውኃ የመንጻት ሥርዓት ስለ ነበራቸው፣ አጥሩ ከሁለቱም ወገን ይታጠር ነበር። በመሆኑም አጥሩን ማን እንዳቆመው መጠየቅ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የተገፋ ሰው መገፋቱን የራሱ ቅድስና አድርጎ ሊይዘው ይችላል፣ ይህም የገፊውን በደል አያቀለውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ሲከለክሉ ያቀረቡት ምክንያት የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መምጣቱ ነበር። ይህ ሥነ መለኮታዊ ክርክር ነው፤ የቱባልቃይንን ዘር ወደ ኋላ ቆጥሮ አዳም ላይ ያደርሰዋልና ቃየን ላይ የቆመውን ቆጠራ ያፈርሳል። ሆኖም ስድብ በአዋጅ ቢከለከል ማዕድ በአዋጅ አይቀርብም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የዘር ሐረግ ሳይጠቅስ ቀጥቃጩን ከአራሹ ጎን አቆመው፤ ምናልባትም በዚህ ረገድ ከስብከት ይልቅ ገመድና ካስማ ይዞ መሬት የሚለካው ሰው የበለጠ ሠርቷል።

የእስክንድርያው መቀመጫና የደጋው አጥር ልዩነት እንግዲህ በመለየቱ ላይ አይገኝም፤ ሁለቱም ይለያሉ። በእስክንድርያ ቀጥቃጩ የተለየው በምኩራቡ ውስጥ ሆኖ፣ ከወርቅ ሠሪውና ከሸማኔው እኩል፣ አንዱን ጨርቅ እያየ ነው፤ መለየቱም ስብሰባው ሲያበቃ ያበቃል። በደጋው ግን መለየቱ ከሥራው ጎጆ ወጥቶ ወደ ጋብቻው፣ ወደ ርስቱና ወደ ማዕዱ ይከተለዋል፤ ስለ ብረት የሚነጋገርበት ስፍራ ግን በተለይ አልተሰጠውም። ለሙያው መቀመጫ ሳይኖረው ለሰውየው አጥር ነበረው፤ ፍትሕ የሚጠይቀው የዚህን ተቃራኒ ነው። በዚህ መመዘኛ ሲራክም ነፃ አይወጣም፤ ቀጥቃጩ ከመስፉ አጠገብ ሲወደስ ውሎ ሸንጎው ሲሰየም ካልተጠራ፣ የጸሎቱ ውዳሴ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ ይሆናል።

ብረት መቀጥቀጥን ለፍቅር ብለው በትርፍ ጊዜያቸው የሚይዙት ሰዎች መብዛታቸው ደግሞ ጥያቄውን በአዲስ መልክ ያቀርበዋል። በሰሜን አሜሪካ ፋብሪካ የእጅ ቀጥቃጭን ከገበያ ካስወጣ በኋላ፣ ሙያው እንዳይጠፋ የሠጉ ጥቂት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1973 የሰሜን አሜሪካ የኪነ ጥበብ ብረት ቀጥቃጮች ማኅበርን መሠረቱ፤ ከዚያ ወዲህ መምህሩም ነጋዴውም መዶሻ እያነሣ ከሽማግሌ ባለሙያዎች የብረትን መልክ ተምሯል። እንዲህ ያለው ሰው መዶሻውን ማስቀመጥ ስለሚችል ያነሣዋል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጠይብ የሚለው የለም። ስሙን ከአባቱ የወረሰው ሰው ግን ማስቀመጥ የሚችለው መዶሻውን ብቻ ነበር፣ ስሙ አይለቀውም ነበር። አንድ የእጅ ሥራ ወዳጆች ማኅበር ለቀጥቃጮች የተለየ የመወያያ ስፍራ ቢከፍት፣ ስለ ከሰሉና ስለ ባሌስትራው ሳይታክቱ የሚነጋገሩበት ጥግ ሰጣቸው እንጂ አልበደላቸውም፤ ይህ ጥግ ቀጥቃጩን ከአጠቃላዩ ጉባኤ የሚያስቀር ሰበብ የሆነ ዕለት ግን የእስክንድርያው ወንበር መሆኑ ያበቃል።

የታልሙዱ ጽሑፍ ድኻው እንግዳ በወንበሩ ምክንያት እንጀራ ማግኘቱን ነግሮ ያቆማል። በቀጥቃጮች ተርታ ያደገ ልጅ ሸማ መሥራት ወድዶ አንድ ሰንበት ከአባቱ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሸማኔዎች ተርታ ሲያልፍ ጠጋ ብለው ያስቀመጡት እንደ ሆነ፣ ወይም አባቱ እጁን ይዞ የመለሰው እንደ ሆነ ረቢ ይሁዳ አልተናገረም።