ግንዱ ለምን አለቀሰ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ዛሬ መስጂድ ስትገቡ ኸጢቡ የሚወጣበትን ሚንበር ልብ ብላችሁ እዩት። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ሦስት ደረጃ ያለው የእንጨት ሥራ ነበር። እንጨቱ የመጣው መዲና አጠገብ ካለው አል-ጋባ ከሚባል ጫካ ነው። የሠራውም የአንዲት አንሷሪያ ሴት አገልጋይ የነበረ አናጢ ነው። ከዚያ በፊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ የሚያደርጉት የቴምር ግንድ ተደግፈው ነበር። አዲሱ ሚንበር ተሠርቶ እሱ ላይ ሲወጡ ግንዱ አለቀሰ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሶሐቦች ድምፁን በጆሯቸው ሰምተዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወርደው እስኪረጋጋ ድረስ አባበሉት፤ እንደ ሕፃን ልጅ እየተነፋረቀ ዝም አለ። ያለቀሰውም አጠገቡ ይሰማው የነበረው ዚክር ስለራቀው እንደሆነ ተነግሮናል።

ስለ ሰውና ስለ ዕቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ከሰው ወገን ሆነን ነው። ሰው ዕቃውን ይወዳል፣ ይሳሳለታል፣ ሲሰበርበት ያዝናል። ይህ ሐዲስ ግን ነገሩን ከእንጨቱ ወገን ያሳየናል። እንጨት ናፈቀ፤ የናፈቀውም አጠገቡ ይነገር የነበረውን ቃል ነው።

ታዲያ በሰውና በቤት ዕቃው መካከል ሊኖር የሚገባው ትስስር ምን ዓይነት ነው? ያማረና ውድ ዕቃ መውደድስ ነውር ነው?

ጥያቄው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ካማሺ እንኳ ኒካሕ ሊያስሩ አስበው “መጀመሪያ ቤቴን ላሟላ” እያሉ ዓመት በዓመት ላይ የሚደራረብባቸው ወጣቶች አሉ። ሽማግሌ ተልኳል፣ መህሩ ተቆርጧል፣ ቤተሰብ ተዋውቋል፤ የቀረው ሶፋው ነው። ልጁ ስልኩን ከፍቶ የአዲስ አበባን ፈርኒቸር ቤቶች ያያል። ወርቃማ እግር ያለው ጠረጴዛ፣ ቬልቬት የለበሰ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ራስጌው ላይ መብራት የተገጠመለት አልጋ። በወለጋ በኩል ጭኖ ለማምጣት የመኪናውን ኪራይ ይደምርበታል። ደመወዙን ያሰላል፤ አይደርስም። ከዚያ ወይ ቀኑን ያራዝማል፣ ወይ በወለድ ይበደራል። ሐላሉን ትዳር ለዕቃ ሲል ያዘገያል፤ አለዚያም ሐራሙን ወለድ ለዕቃ ሲል ይደፍራል።

ለዚህ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ “ዱንያ ነው፣ ተወው” ይላል። ሌላው “ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ማን ምን አገባው?” ይላል። ሁለቱም ቶሎ ይነገራሉ፤ ሁለቱም ግን ጥያቄውን ያልፉታል እንጂ አይመልሱትም።

ወደ ቁርኣን እንመለስ። የቤት ዕቃ በዐረብኛ “አሣሥ” ይባላል። ቃሉ በቁርኣን የመጣው ሁለት ቦታ ነው። በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ጸጋውን ሲቆጥርልን፣ ቤቶቻችንን መርጊያ እንዳደረገልን፣ ከበግ፣ ከግመልና ከፍየል ጸጉርም የቤት ዕቃና እስከተወሰነ ጊዜ የምንጠቀምበትን ነገር እንደሰጠን ይነግረናል። እዚህ ላይ የቤት ዕቃ ኒዕማ ነው፤ ሹክር ይገባዋል። በሱረቱ መርየም ደግሞ ቁረይሾች በአማኞቹ ላይ ሲኮሩ እናያለን። ከሁለታችን ማን ነው መኖሪያው የተሻለ፣ መሰብሰቢያውስ ያማረ ብለው ጠየቁ። በ74ኛው አንቀጽ የመጣላቸው መልስ፣ ከእነሱ በፊት በቤት ዕቃም በመልክም የሚበልጡ ስንት ትውልዶች እንደጠፉ የሚያስታውስ ነው።

አንዱ ቃል በአንድ ቦታ ጸጋ፣ በሌላው ማስጠንቀቂያ ሆኖ መጣ። ልዩነቱ ዕቃው ላይ አይደለም። የቁረይሾች ጥፋት ያማረ መቀመጫ መያዛቸው አልነበረም፤ ጥፋቱ ከዚያ የደረሱበት ድምዳሜ ነው። “መቀመጫችን ካማረ እኛ እንበልጣለን” አሉ። ዕቃቸውን ለራሳቸው ክብር ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። ዛሬ አንድ ሰው ቤት ገብተን ሶፋውን፣ ቡፌውንና መጋረጃውን ካየን በኋላ ንግግራችን ትሕትና የሚጨምር ከሆነ፣ አሮጌ ወንበር ያለው ቤት ስንገባ ደግሞ ድምፃችን ከፍ የሚል ከሆነ፣ ያ የቁረይሾች ሒሳብ እኛም ጋ አለ ማለት ነው።

እስልምና ውበትን አይጠላም። አላህ ጀነትን ሲገልጽልን በሱረቱ አል-ጋሺያ ከፍ ያሉ አልጋዎች፣ የተደረደሩ ትራሶችና የተነጠፉ ምንጣፎች እንዳሉባት ነግሮናል። የሐረር ሙስሊም ቤትን ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ ነደባው በደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ በምንጣፍ ያጌጠ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተዋበ ነው። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው ሲጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነገሩት። ቀጥለውም ኪብር ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረዱ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። መስፈርቱ የዕቃው ዋጋ አለመሆኑን አስተውሉ። መስፈርቱ እውነትና ሰው ናቸው።

ስለዚህ ስለ አንድ ሶፋ መጀመሪያ የምንጠይቀው “ስንት ፈጀ?” ብለን ሳይሆን “ማን ይቀመጥበታል?” ብለን ነው።

ክረምት ነው እንበል። አክስትህ ከገጠር በእግሯ መጥታለች። ጫማዋ ጭቃ ነው፣ የቀሚሷ ጫፍ ረጥቧል። ሳሎን ገብታ ነጩን ሶፋ ስታይ ትቆማለች። “ግቢ፣ ተቀመጪ” ትላታለህ። እሷ ግን ዞር ዞር ብላ በርጩማ ትፈልጋለች፤ ካጣች በሩ ሥር ቁጢጥ ትላለች። አንተ ክፉ ቃል አልተናገርክም። ሶፋው ግን ተናገራት። ልጆችስ? “እዚያ ላይ አትውጡ” እየተባሉ በራሳቸው ቤት እንግዳ የሆኑ ስንት ናቸው? ላስቲኩ ሳይነሳለት ዓመት የሞላው ሶፋ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይቀመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መኝታ ሲናገሩ አንዱ ለባል፣ አንዱ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ እንደሆነ፣ አራተኛው ግን ለሸይጧን እንደሆነ ነግረውናል። በዚህ አጭር ቆጠራ ውስጥ እንግዳ ቦታ አለው። ለመታየት ብቻ የተቀመጠው ትርፍ ግን ባለቤት የሌለው ሆኖ ለሸይጧን ይተርፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ “ማንም ባያየው ትገዛው ነበር ወይ?” የሚል ነው። አገራችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ናት። የኛ ቀርከሃ ከደጋው የሚለየው ውስጡ ደፍንና ጠንካራ መሆኑ ነው። ግድግዳ ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ አልጋና ወንበርም ይሆናል። የጎረቤት ልጅ በእጁ የሠራውን የቀርከሃ ወንበር በቅርብ ዋጋ መግዛት ይቻላል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ወንበር የውድ ሆቴል ጌጥ ነው። እኛ ግን ሙሽራ ቤት ውስጥ እናፍርበታለን። የምናፍረው ስለማይመች ነው? ስለማያምር ነው? አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብለን ነው። ለሰላትና ለሰደቃ ከሪያእ እንጠንቀቅ እየተባልን አድገናል፤ ሪያእ ሳሎናችንም ይገባል።

ለሰው ዓይን የተጀመረ ነገር ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ዲዴሮ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ፣ አዲስ ጋቢ መሰል የቤት ልብስ ካገኘ በኋላ የገጠመውን ጽፎ ነበር። ልብሱ ሲያምር ወንበሩ አስጠላው፤ ወንበሩን ሲለውጥ ጠረጴዛው አልመጥን አለው፤ እንዲህ እያለ ክፍሉ በሙሉ ተለወጠ። በመጨረሻ አሮጌውን ልብሱን ናፈቀ፤ የአሮጌው ልብስ ጌታ ነበርኩ፣ የአዲሱ ግን ባሪያ ሆንኩ የሚል ቁጭት ያዘው። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም፤ ያየው ግን እኛም የምናየውን ነው። ሶፋው ምንጣፍ ይጠራል፣ ምንጣፉ መጋረጃ ይጠራል፣ መጋረጃው ቲቪ ስታንድ ይጠራል።

ኢማም አል-ገዛሊ “ኢሕያእ ዑሉሙዲን” በተባለው ኪታባቸው ስለ ዙህድ ሲጽፉ፣ የቤት ዕቃን ለሰው ልጅ አስፈላጊ ከሆኑ ጉዳዮች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። ከፍተኛውን ደረጃ ሲጠቅሱ፣ ማበጠሪያና ኩባያ ብቻ ይዘው ሲሄዱ፣ በጣቱ ጢሙን የሚያበጥር ሰው አይተው ማበጠሪያውን፣ በእጁ የሚጠጣ አይተው ኩባያውን ስለጣሉት ስለ ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚነገረውን ያነሳሉ። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ደግሞ አንዱን ዕቃ ለብዙ ጥቅም የሚያውል መካከለኛ ሰውን ይጠቅሳሉ። ሁላችን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንሁን ያለ የለም። የሚፈለግብን ዕቃው ለሚሰጠው አገልግሎት እንጂ ለስሙ ቤታችን እንዳይገባ ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ገብተው ሰሌኑ ጎናቸው ላይ ምልክት አውጥቶ አዩና አለቀሱ። የፋርስና የሮም ነገሥታት በምን ላይ እንደሚተኙ አስታወሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለእነሱ ዱንያ፣ ለእኛ አኺራ ቢሆን አትወድም ወይ ብለው አጽናኗቸው። ዓመታት አለፉ። ዑመር ኸሊፋ ሆነው በ16ኛው ዓመተ ሒጅራ የፋርስ ንጉሥ ዋና ከተማ ተከፈተች። ጦበሪ እንደዘገቡት፣ በወርቅና በዕንቁ የተጌጠ፣ የአበባ ማሳ የሚመስል ግዙፍ የንጉሡ ምንጣፍ መዲና ደረሰ። ምንጣፉ እንዳለ ለዑመር ይሁን ያሉ ነበሩ። በዐሊይ (ረ.ዐ) ምክር ግን ተቆራርጦ ለሰዎች ተከፋፈለ። ዐሊይ ድርሻቸውን በ20,000 ሸጡት። ዱንያ ደጃቸው ድረስ መጣች፤ እነሱ ግን በሰሌኑ ጊዜ የነበሩት ሰዎች ነበሩ።

ሦስተኛው ጥያቄ ለኛ ለካማሺ ሰዎች ከባድ ነው፤ “ብትለየው ምን ትሆናለህ?” በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞናችን በተነሳው ግጭት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላም መከራው ተመላልሷል። በእግሩ የሚሸሽ ሰው ቁም ሳጥን አይሸከምም። ልጁን ያዝላል፣ ቢችል ሰሌን ይጠቀልላል። ያኔ “እስከተወሰነ ጊዜ” የሚለው የአን-ነሕል ቃል ተፍሲር ሳያስፈልገው ይገባል። ሽሽት ባይመጣ ምስጥ አለ። የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) በትር የበላችው ትንሽ ፍጥረት የኛን የአልጋ እግር አትምርም። ምስጥ ቢቀር ሞት አለ።

ነገር ግን እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ዕቃው ለተዘረፈበት ሰው “ተወው፣ ዱንያ ነው” ማለት ዙህድ አይደለም። ሸሪዓ የሰውን ንብረት ያከብራል፤ ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሸሂድ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የዚያች እናት አልጋ እንጨት ብቻ አልነበረም፤ የወለደችበት፣ የታመመችበት፣ ባሏን የሸኘችበት ነው። ዙህድን ሰው የሚሰብከው ለገዛ ልቡ ነው። ለተጎዳው ወንድማችን የሚገባው ምክር ሳይሆን ፍራሽ ነው፣ ብርድ ልብስ ነው፣ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። እኛ ዘንድ ትርፍ ሶፋ ተቀምጦ እሱ መሬት ላይ ሲያድር ስለ ዱንያ ከንቱነት ብናስተምረው ማን ይሰማናል?

እንግዲህ ወደ ግንዱ እንመለስ። በሱረቱ አዝ-ዘልዘላ አላህ ምድር ወሬዋን የምታወራበት ቀን እንዳለ ነግሮናል። ግንዱ የሰማውን ያውቅ ነበር፤ የኛስ ሶፋ ምን ሰምቷል? ቁርኣን ተቀርቶበታል ወይስ የሰው ሥጋ በሐሜት ተበልቶበታል? የተጣሉ ባልና ሚስት ታርቀውበታል ወይስ ምስኪን ተገላምጦበታል? ከቤታችን ቢወጣ የሚናፍቀው ነገር ሰጥተነዋል?

ወንድሜ፣ አቅምህ ከፈቀደና ከሐላል ካገኘኸው ያማረውን ግዛ፤ ቢስሚላህ ብለህ ተቀመጥበት፣ ላስቲኩን አንሳ፣ አክስትህን መሃሉ ላይ አስቀምጣት። አቅምህ ካልፈቀደ በሰሌንና በቀርከሃ ወንበር ኒካሕህን እሰር። እህቴ፣ “ሶፋው ይቆየን፣ አንተ ና” ማለት ዋጋሽን አይቀንስም፤ ለትዳርሽ በረካ በር ይከፍታል ኢንሻአላህ። ቤታችን ውስጥ ተደራርቦ የተቀመጠ ፍራሽ፣ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ካለ ደግሞ ከዛሬ ዐስር በፊት ለማን እንደሚደርስ እናስብ።

አላህ ሆይ! ቤቶቻችንን መርጊያ አድርግልን። ዕቃዎቻችንን ለእንግዳ መቀበያ፣ ለዚክርህ መቀመጫ አድርግልን። ከቤታቸው የተፈናቀሉትን በሰላም መልስልን፣ ያጡትንም በተሻለ ተካላቸው። ዱንያን እጃችን ላይ እንጂ ልባችን ውስጥ አታድርግብን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!